የደረቀ ትከሻ፦ ሲታሽ የባሰበት፣ ሲለካ መንገድ ያገኘ የአንዲት መምህርት ጉዳይ

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳችኝ በመዝገቤ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ «ሌሊት 2 ወይም 3 ጊዜ ይነሳሉ፤ እንቅልፋቸው የተረበሸ ነው።» መስመሯን የጻፍኳት እኔው ነኝ፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን። ምን እየነገረችኝ እንደነበረ የገባኝ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እንደ እኔ በማሳጅ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ትከሻው አልላቀቅ ያለው ሰውም ጭምር፣ ሊያውቀው የሚገባ ነገር በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። ባለጉዳይዋ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር አውጥቻለሁ።

ዳራ

የ52 ዓመት መምህርት ናቸው። ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ሲሆን ከ25 ዓመት በላይ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲጽፉ ኖረዋል። ወደ እኔ የመጡት ቀኝ ትከሻቸውን መታመም ከጀመሩ 4 ወር ገደማ ሲሞላቸው ነው። አልወደቁም፣ ከባድ ዕቃ አላነሱም፣ ክንዳቸውን የጎተተው ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ጃኬት ሲያወልቁ ብቻ ቆንጠጥ ያደርጋቸው ነበር። እያደር ፀጉር ማበጠር፣ ከመደርደሪያ ላይ ደብተር ማውረድ፣ የጡት መያዣቸውን ከኋላ መቆለፍ አቃታቸው። ሌሊት ሳያውቁት በቀኝ ጎናቸው ሲገለበጡ ህመሙ ያባንናቸዋል። ክፍል ውስጥ ደግሞ የሰሌዳውን የላይኛውን ግማሽ መጠቀም ትተው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሹራባቸውን ሲያወልቁ ያየሁትን አልረሳውም። ግራ እጃቸውን አስቀድመው አወጡ፤ ሹራቡን በራሳቸው ላይ አሳለፉት፤ በመጨረሻም ቀኝ እጅጌውን እንደ ጓንት ቁልቁል ገፈፉት። ቀኝ ክንዳቸው ከጎናቸው ፈቀቅ አላለም። ያን ጊዜ በደንብ አስተውዬ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ምርመራ እሳቸው ራሳቸው እዚያው ፊቴ አሳይተውኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 4 ቀጠሮዎች

ስዳስሳቸው ከማጅራታቸው እስከ ትከሻቸው ጫፍ ያለው ጡንቻ እንደ ገመድ ተወጥሯል። ከዝርጉ የትከሻ አጥንት በታችም ጣቴን ሳሳርፍ የሚዘልሉበት ቦታ አገኘሁ። «ጡንቻው ተቋጥሯል፤ ስናፍታታው ይለቅዎታል» አልኳቸው። የቋጠሮው መኖር እውነት ነበር። ስህተቴ ቋጠሮውን የችግሩ ምንጭ አድርጌ መውሰዴ ነው።

በ2 ሳምንት ውስጥ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ60 ደቂቃ አሸኋቸው። በአውራ ጣትና በክርን ጠለቅ አድርጌ ተጫንኩ። በመጨረሻም በጀርባቸው አስተኝቼ ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሳና የሚቆምበት ቦታ ላይ ለ30 ሰከንድ ገፋ አድርጌ እይዘው ነበር። «ልጄ፣ ጠንከር አድርገህ እሸው፤ እኔ ህመም እችላለሁ» ይሉኛል። እኔም ቃላቸውን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት።

ከቀጠሮው ሲወጡ ትከሻቸው ይቀላቸዋል፤ ፊታቸውም ይፈታል። ቅለቱ የሚቆየው ግን ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊቱ ካለፈው ሌሊት ይከፋል። ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ «ትንሽ ብሶብኛል መሰለኝ» ሲሉኝ የተለመደ የመታሸት ህመም ነው፣ ይለቃል አልኳቸው። ከጠንካራ ማሳጅ በኋላ ሰውነት መዛሉ የተለመደ መሆኑ እውነት ነው። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይጠፋል፤ የሳቸው ግን ከቀጠሮ ቀጠሮ እየተደራረበ ነበር። ከአራተኛው ማግስት ጠዋት ደወሉልኝ። «ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያነጋሁት» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

ክንዱ የሚቆምበት ቦታ

በማግስቱ ሲመጡ ቅባት አልነካሁም። በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ።

ትከሻን ለመመርመር መልስ የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ሰውዬው ራሱ ክንዱን እስከ የት ያንቀሳቅሳል የሚለው ነው። ሁለተኛው ሰውዬው ዘና ብሎ ሳለ ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅስለት እስከ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ችግሩ ጡንቻ ወይም ጅማት ላይ ብቻ ሲሆን ራሱ ማንሳት ያቃተውን ክንድ ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ከፍ አድርጎ ሊያነሳለት ይችላል። መገጣጠሚያው ራሱ የደረቀ እንደሆነ ግን ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ይቆማሉ።

በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግቼ በ90 ዲግሪ አጠፍኩትና የፊት ክንዳቸውን ቀስ እያልኩ ወደ ውጭ አዞርኩት፤ ልክ በር እንደሚከፈት ማለት ነው። ግራው ያለ ምንም ችግር 70 ዲግሪ ሄደ። ቀኙ 15 ዲግሪ ላይ ቆመ። አቋቋሙ ነው ትምህርት የሆነኝ። ጡንቻ ሲከለክል ላስቲክ የመጎተት ያህል ነው፤ ትንሽ ቢታገሱት ይለቃል። ይሄ ግን እንደ ወፍራም ቆዳ ቀበቶ ነበር። እጄን ላላ አድርጌ ትንፋሻቸውን እስኪያወጡ ጠበቅሁ፤ ምንም አልተጨመረም።

ሌላውንም ለካሁ። ክንዳቸውን ወደ ፊት ሲያነሱ ራሳቸው 100 ዲግሪ፣ በእኔ እጅ 105 ዲግሪ። ከ80 ዲግሪ በላይ ያለው ደግሞ አብዛኛው ትከሻቸው በሙሉ ወደ ጆሯቸው እየተሰበሰበ የመጣ እንጂ የመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ አልነበረም። እጃቸውን ወደ ጀርባ ሲወስዱ ግራው በሁለቱ ዝርግ የትከሻ አጥንቶች መካከል ይደርሳል፤ ቀኙ ከዳሌያቸው ጎን አላለፈም።

ይህ በሕክምናው «ፍሮዝን ሾልደር» የሚባለው፣ በእኛው የትከሻ መድረቅ የምንለው ነገር ምልክት ነው። ስሙን በ1934 የሰጠው አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ሲሆን ለመግለጽም፣ ለማከምም፣ ምክንያቱን ለማስረዳትም የሚያስቸግር ህመም መሆኑን ያኔውኑ ጽፏል። ጁልየስ ኔቪያሰር ደግሞ በ1945 ችግሩ ያለው መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት ላይ መሆኑን አሳየ። ከረጢቱ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ይኮማተራል። ጤናማ የትከሻ መገጣጠሚያ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሚሊ ሊትር የማያንስ ፈሳሽ የሚይዝ ሲሆን በዚህ ህመም የተያዘው ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሊትር በታች ይይዛል። በተለይ የከረጢቱ የፊትና የላይ ክፍል ስለሚወፍር ቀድሞና አብዝቶ የሚያጥረው ክንድን ወደ ውጭ የማዞር እንቅስቃሴ ነው። በር የመክፈቱ ፈተና ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በ4 ቀጠሮ ያደረግሁት የተቆጣን ከረጢት በኃይል መጎተት ነበር። ጡንቻዎቹ የተወጠሩት ደግሞ ያንን መገጣጠሚያ ሊጠብቁ ነው፤ ጠባቂውን ደጋግሜ ደበደብኩት ማለት ይቻላል። ይህንኑ ለእሳቸው ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ከዚያም ሐኪም ሳያያቸው ትከሻቸውን እንደማልነካ ነገርኳቸው። ለሐኪሙ የሚሰጡት አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ የለካሁትን ቁጥር፣ የህመሙን ዕድሜ፣ ያደረግሁትንና ያስከተለውን ጨምሮ።

ከሐኪሙ ዘንድ የመጣው መልስ

ራጁ ንጹህ ነበር። መታየቱ ግን የግድ ነው፤ የመገጣጠሚያ መበላትም፣ ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻም ክንድን ወደ ውጭ ከመዞር ስለሚከለክሉ በእጅ ብቻ ለመለየት ያስቸግራሉ። ሐኪሙ የትከሻ መድረቅ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ እኔ ያልጠየቅሁትን ጠየቁ፦ በቤተሰብ የስኳር ህመም አለ ወይ? የመምህርቷ እናት ነበረባቸው። ውሃ ይጠማዎታል? አዎ። ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ? አዎ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ።

መዝገቤ ላይ የነበረችው መስመር ይህቺ ናት። ሌሊት እንደሚነሱ ነግረውኛል፤ እኔ ህመሙ ነው የሚያስነሳቸው ብዬ ደመደምኩ። ለምን እንደሚነሱ አልጠየቅኩም።

ምግብ ሳይወስዱ የተለካው የደም ስኳር 168 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ ከ126 ጀምሮ የስኳር ህመም ክልል ነው። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 8.2 በመቶ አወጣ፤ እዚህ ላይ ወሰኑ 6.5 በመቶ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየባቸው አይታወቅም። የትከሻ መድረቅ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል፤ የስኳር ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይታያል። ከረጢቱ የተሠራበት ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ከስኳር ጋር ሲተሳሰር እየደረቀ ስለሚሄድ ነው ተብሎ ይታሰባል። የታይሮይድ ዕጢ መታወክም እንዲሁ ከዚህ ህመም ጋር ይያያዛል፤ እሱም ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ለስኳሩ መድኃኒት ጀመሩ። ለትከሻው በመገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ተሰጣቸው፤ መርፌው የደም ስኳርን ለተወሰኑ ቀናት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በዚያ ሳምንት በየቀኑ እንዲለኩ ተነግሯቸዋል። ከዚያም ወደ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ተላኩ። እኔ የሐኪሙንና የፊዚዮቴራፒስቱን ፈቃድ ይዘው ሲመጡ ከ3 ሳምንት እረፍት በኋላ ሥራውን በአዲስ መልክ ጀመርኩ።

በአዲስ መልክ ስንጀምር

የትከሻ መድረቅ በሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ህመሙ የሚበረታበትና እንቅስቃሴው እያጠረ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ ህመሙ ጋብ ብሎ ድርቀቱ ግን ባለበት የሚቆይበት፣ በመጨረሻም ቀስ በቀስ የሚላቀቅበት። አጠቃላይ ጉዞው ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ይህንን ቁጥር ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ስንት እንደሚቆይ ካወቅኩ እችለዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጠንከር አድርግ» ብለውኝ አያውቁም።

ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ሥራ ተከፋፈልን። የመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ የፊዚዮቴራፒስቱ ሆነ፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ፣ እንቅልፍና የቤት ልምምድ ክትትል የእኔ።

በመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ ብቻ አሸኋቸው። በግራ ጎናቸው አስተኝቼ፣ ቀኝ ክንዳቸውን በትራስ ላይ አሳርፌ፣ ማጅራታቸውን፣ በሁለቱ ዝርግ የትከሻ አጥንቶች መካከል ያለውን ቦታ፣ የደረታቸውን የላይኛ ጡንቻና የፊት ክንዳቸውን በዝግታ፣ በሙሉ መዳፍ። የግፊቱ ልክ ሰውነታቸው ተወጥሮ የማይከላከለው፣ ትንፋሻቸው የማይቆረጥበት ነው። ትንፋሽ ከተያዘ ግፊቱ በዝቷል። ከዚያ ዝርጉን የትከሻ አጥንት በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ አንሸራትተው ነበር፤ ይህ የክንዱን መገጣጠሚያ ሳይነካ ጀርባቸውን ያላላቸዋል። ክንዱን ራሱን አንድም ጊዜ አልጎተትኩም።

የእንቅልፉን ነገር ለብቻው ያዝነው። በጀርባ ሲተኙ ክርናቸው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ከክንዳቸው በታች የታጠፈ ፎጣ ማድረግ፤ በግራ ጎን ሲተኙ ትልቅ ትራስ አቅፈው ቀኝ ክንዳቸውን በላዩ ማሳረፍ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእሳቸው ግን ከሁሉም በፊት ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ለ5 ሰዓት ሳይነቁ ተኙ። በእርግጥ በዚያው ሰሞን መርፌውም ሥራውን ጀምሯል፣ የስኳር መድኃኒቱም የሌሊት ሽንታቸውን ቀንሶታል። ፎጣው ብቻውን ነው ለማለት አልደፍርም።

ለልምምዱ አንድ ሕግ አወጣን። በሚሠሩበት ጊዜ ህመሙ ከ10 (0 ምንም ህመም የለም፣ 10 የመጨረሻው ከባድ ህመም) ከ4 አይለፍ፤ ከጨረሱ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለስ፤ ሌሊቱ ካለፈው ሌሊት አይክፋ። ከሦስቱ አንዱ ከተጣሰ በማግስቱ ልምምዱ በግማሽ ይቀነሳል። ይህች የሌሊት ሚዛን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ብትኖረኝ ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ እቆም ነበር።

ሰሌዳው

የመጀመሪያው የቤት ልምምድ ወረቀቴ 7 ዓይነት እንቅስቃሴ ነበረው። ከ2 ሳምንት በኋላ ስጠይቃቸው የሠሩት 3 ቀን ብቻ ነው። ፈተና የሚያርሙ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው፤ ምሽት ላይ 25 ደቂቃ ከየት ያመጣሉ? ወረቀቱን ቀደድኩትና ወደ 3 አወረድኩት፤ ሦስቱንም በቀን ውስጥ ከሚያደርጉት ነገር ጋር አያያዝናቸው።

አንደኛው ፔንዱለም ነው፤ ይህም ከኮድማን ስም ጋር ተያይዞ የሚጠራ ነው። ጠዋት ሙቅ ውሃ ትከሻቸው ላይ ካፈሰሱ በኋላ ግራ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ጎንበስ ይላሉ፤ ቀኝ ክንዳቸው በራሱ ክብደት ይንጠለጠላል፤ ሰውነታቸውን ሲያወዛውዙ ክንዱ ይከተላል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው የበር መክፈቻው ነው። ለዚህ የሰሌዳ መጠቆሚያ ዘንጋቸውን ተጠቀሙ። ቁጭ ብለው፣ የተጠቀለለ ትንሽ ፎጣ በክርናቸውና በጎናቸው መካከል አድርገው፣ ዘንጉን በሁለት እጅ ይዘው፣ ግራው ቀኙን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋዋል። 20 ሰከንድ መያዝ፣ 5 ጊዜ መደጋገም። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ከጎን ርቋል ማለት ነው፤ እንቅስቃሴውም ከሌላ ቦታ እየመጣ ነው።

ሦስተኛውን ራሳቸው ፈለሰፉት ማለት ይቻላል። ጣትን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ የማራመድ ልምምድ ነበር የሰጠኋቸው። እሳቸው ግድግዳውን ትተው ሰሌዳውን ያዙ። በክፍለ ጊዜ መካከል ጠቋሚና መሐል ጣታቸውን በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያራምዱና የደረሱበት ቦታ ላይ በጠመኔ አጭር መስመር ያሰምራሉ፤ ከጎኗም ቀኑን ይጽፋሉ። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ሲሸሽ የደረሱበት ቦታ እንደማይቆጠር አስተማርኳቸው። አንድ ቀን የስልካቸውን ፎቶ አሳዩኝ፦ በሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ 6 መስመሮች እንደ መሰላል ተደርድረዋል፤ ሰሌዳው በሙሉ ሲጠረግ ያቺ ጥግ ብቻ ሳትነካ ቀርታለች። ተማሪዎቹ ሳይነገራቸው ያጠፏት እንደሌለ ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ሠሩ ወይ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ልኬቱ

በየወሩ በአንድ ዓይነት አኳኋን፣ በአንድ ዓይነት የማዕዘን መለኪያ ለካሁ። ክንድን ወደ ውጭ ማዞር፦ ሲጀመር 15 ዲግሪ፣ በ3ኛው ወር 20፣ በ6ኛው 35፣ በ10ኛው 55፣ በ14ኛው 65። ወደ ፊት ማንሳት፦ 100፣ 115፣ 140፣ 160፣ 165። የሌሊት ህመም ከ10 ከ8 ተነስቶ በ3ኛው ወር 3፣ በ6ኛው 1 ሆነ። የ3 ወሩ አማካይ የደም ስኳር በ6ኛው ወር 6.9 በመቶ ደርሷል። እጅን ወደ ጀርባ መውሰድ ከሁሉም የዘገየው ነው፤ በ14ኛው ወር ከግራው በአንድ መዳፍ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የቀረው። የጡት መያዣቸውን ግን ከኋላ ይቆልፋሉ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ዲግሪው ያን ያህል እንዳልጨመረ ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ የተለወጠው ህመሙና እንቅልፉ ነው። የሚለካ ሰው ይህንን ያያል፤ የማይለካ ሰው «ምንም አልሠራም» ብሎ ወይ ይተዋል ወይ ኃይል ይጨምራል።

ያልሠራው

የመጀመሪያዎቹን 4 ቀጠሮዎች ተናግሬአለሁ። ሁለተኛው ስህተት በአዲሱ ዕቅድ 8ኛ ሳምንት ላይ ነው። ህመሙ ሲቀንስ ሁላችንም ደስ አለንና ፎጣን በጀርባ በኩል አሳልፎ በጤናማው እጅ ወደ ላይ የመጎተትን ልምምድ ጨመርኩ። ከሁለት ቀን በኋላ የሌሊቱ ህመም ከ3 ወደ 6 ወጣ። ልምምዱን አቁመን ወደ ነበረበት እስኪመለስ 9 ቀን ፈጀ። ያንን ልምምድ ደግመን የሞከርነው በ7ኛው ወር ሲሆን ያኔ ያለ ችግር ተቀበሉት። ልምምዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የህመሙ ደረጃ ነው።

ጠንካራ የጡንቻ ማጠንከሪያ ላስቲክም ቀደም ብለን ሞክረን ነበር። ጉዳት አላመጣም፤ ጥቅምም አላየንበትም። ክንዱ መሄድ በማይችልበት ቦታ ማጠንከር ብዙ ትርጉም የለውም።

ማሳጁ ምን ሠራ?

ይህን ጥያቄ ለራሴም ለሙያ ባልደረቦቼም በሐቀኝነት መመለስ እፈልጋለሁ። ማሳጁ ከረጢቱን አላላቀቀውም። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ አደረግሁ ለማለት ምንም ማስረጃ የለኝም። የትከሻ መድረቅ በብዙ ሰዎች ላይ በጊዜ እየተሻሻለ ይሄዳል፤ መርፌው፣ የፊዚዮቴራፒስቱ ሥራ፣ የስኳሩ መስተካከልና ጊዜው በአንድነት ሠርተዋል። ከአንድ ሰው ታሪክ ተነስቶ የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት አይቻልም።

ማየት የቻልኩት ግን ይህን ነው። የማጅራትና የጀርባ ህመማቸው ከቀጠሮው በኋላ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይቀንስ ነበር፤ በዚያ ቀናት ልምምዱን በተሻለ ሁኔታ ይሠራሉ። ክንዳቸውን የማያንቀሳቅስ ሰው ሸክሙን በሙሉ አንገቱና ጀርባው ላይ ነው የሚጥለው፤ ያ ሸክም ሲቀል ሌላው ሥራ ይቻላል። ከዚህም ሌላ በሳምንት አንድ ጊዜ ሰውነታቸውን የሚነካና ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ነበራቸው። 14 ወር ረጅም ነው። ይህ ድርሻ ትንሽ አይደለም፤ ከዚህ በላይ ማጋነን ግን ታማሚውን ይጎዳል።

ከዚህ ጉዳይ ለሌላው የሚተርፍ

ትከሻዬን አመመኝ የሚል ሰው ሁሉ ከመታሸቱ በፊት ክንዱ በሁለቱም መንገድ ይለካ፦ ራሱ ሲያነሳው፣ ሌላ ሰው ሲያነሳለት። ክርንን ከጎን አስጠግቶ ወደ ውጭ ማዞር ደግሞ ከ2 ደቂቃ በላይ አይወስድም። ሁለቱም ዓይነት እንቅስቃሴ እኩል ከቆመ፣ በተለይም ወደ ውጭ ማዞሩ ከጤናማው ጎን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ፣ ጠንካራ ማሳጅና በኃይል መሳብ ይቅር፤ ሐኪም ይየው።

ቤት ውስጥ ያለ ሰውም ይህን መስታወት ፊት ቆሞ ማየት ይችላል። ሁለቱን ክርኖች ከጎን አስጠግቶ የፊት ክንዶቹን ወደ ውጭ ይክፈት። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ገርበብ ብሎ ከቀረ ለሐኪሙ የሚነግረው ነገር አግኝቷል።

የትከሻ ህመም ሁሉ ከትከሻ አይመጣም። ደረት ላይ መጫን፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ላብ አብሮት ካለ የልብ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ወደ ድንገተኛ ሕክምና ነው የሚኬደው። የሐሞት ከረጢት ህመም በቀኝ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ህመም፣ የእጅ መደንዘዝ ወይም መዛል ካለ፣ ወይም ሰውዬው ከዚህ በፊት ካንሰር ከነበረበት፣ ማሳጅ ሁለተኛ ነገር ነው።

«እችለዋለሁ» የሚል ሰው ህመሙን መቻሉን እንጂ መገጣጠሚያው መቻሉን አልነገረንም። የመገጣጠሚያውን መልስ የምናገኘው ከሚቀጥለው ሌሊት ነው። ስለዚህ ከየቀጠሮው ማግስት ጠዋት «ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ብዬ መጠየቅን ሥራዬ አድርጌዋለሁ።

የመቀበያ ቅጼ ላይም 3 ጥያቄ ጨምሬአለሁ፦ በቤተሰብ የስኳር ወይም የታይሮይድ ህመም አለ ወይ፤ ከተለመደው በላይ ይጠማዎታል ወይ፤ ሌሊት የሚነሱት ለምንድን ነው። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጥብኛለች። የስኳር ህመም ያለበት ሰው እግሩና እጁ ላይ ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ትኩስ ነገር ከማሳረፌ በፊት በራሴ ክንድ መሞከርንና በየ5 ደቂቃው ገልጦ ቆዳውን ማየትንም ከዚያ ወዲህ ነው የያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ

ፋይላቸውን ከዘጋሁ 6 ወር ገደማ በኋላ ደወሉልኝ። ጃኬት ሲያወልቁ ግራ ትከሻቸው ቆንጠጥ ማድረግ ጀምሯል። አንዱ ትከሻ የደረቀበት ሰው በቀሩት ዓመታት ሌላኛውም ሊይዘው ስለሚችል ነግሬአቸው ነበር። ሲደውሉ መስታወት ፊት ቆመው በሩን ለክተዋል፤ ግራው ከቀኙ ትንሽ አንሷል። ሐኪሙ ዘንድ ለዚያው ሳምንት ቀጠሮ ይዘዋል፤ የ3 ወር የስኳር ምርመራቸውንም አብረው ያሠራሉ። ከእኔ የፈለጉት እስከዚያ ድረስ ምን እንዳያደርጉ መስማት ነበር። በሰሌዳው ግራ ጠርዝ ላይ የመጀመሪያዋን መስመር በዚያ ቀን አስምረዋል።